ለሸዋሮቢቱ ልጅ፦ የምትወደው ኮሚክ (በሥዕል የሚነበብ ታሪክ) ፊልም ሊሆን ሲል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ያየሁት አሁን ነው። «ከልጅነቴ ጀምሮ የማነበውን ኮሚክ ፊልም ሊያደርጉት ነው። ባለፈው እንደተቃጠልኩት እንዳልቃጠል ምን ላድርግ? አዲስ አበባ ሄጄ ሲኒማ ልየው ወይስ ይቅርብኝ?» ነው ያልከው። ከላይ የመለሱልህ ልጆች «ፊልም ፊልም ነው፣ ምን ታካብዳለህ» ብለውሃል። እነሱን ተዋቸው። ኮሚኩን ያላነበበ ሰው ምን እንደተወሰደበት አያውቅም። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። በዚህ ነገር ሁለቴ ተቃጥያለሁ፣ ሁለቴም ያቃጠለኝ ያው አንድ ታሪክ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

1. ትሬይለሩን ተወውና ማን እንደጻፈው እይ።

ትሬይለር፣ ማለትም የፊልሙ ማስታወቂያ ቅንጭብ፣ ለመሸጥ የተሠራ ነገር ነው፣ ልብህን እንዲሰቅለው ነው የሚፈልጉት። አንተ ግን ፊልሙን የጻፈው ማነው፣ ከዚህ በፊትስ ምን ጽፏል ብለህ ፈልግ። ለምን እንደምልህ ለማወቅ የኤክስ-ሜንን (ልዩ ኃይል ይዘው ስለተወለዱ ጀግኖች የሚያወራውን የማርቭል ኩባንያ ኮሚክ) የዳርክ ፊኒክስ ታሪክ ማወቅ አለብህ። አንብበኸው ከሆነ እለፈው።

ከጀግኖቹ አንዷ ጂን ግሬይ ከ1963 ጀምሮ ያለች ናት። ፊኒክስ የሚባለውን የጠፈር ኃይል ያገኘችው በ1976 ነው። ከዚያ ክሪስ ክሌርሞንት እየጻፈ ጆን በርን እየሳለ፣ ቀስ እያለ፣ ኃይሉ እየከበዳት መጣና በ1980 ጭራሽ አሸነፋት። ኮከብ ዋጠች። በዚያ ኮከብ ዙሪያ ድባሪ የሚባሉ ፍጡራን ዓለም ነበረ፣ 5 ቢሊዮን ነዋሪ ከነዓለሙ ጠፋ። ጸሐፊዎቹ መጀመሪያ ያሰቡት ኃይሏን ተነጥቃ በሕይወት እንድትቀር ነበር። ዋና አዘጋጁ ጂም ሹተር ግን ይሄን ሁሉ ሕዝብ የፈጀች ሰው እንዲሁ በነፃ ልትሄድ አይገባም ብሎ ድርቅ አለ። ስለዚህ በ137ኛው እትም ጨረቃ ላይ፣ የምትወደው ስኮት ዓይን እያየ፣ ጂን ራሷ ሞትን መረጠች። ማንም አልገደላትም። ሌላ ሰው ከምፈጅ እኔ ልሙት ነው ያለችው። እኔ ያንን ገጽ ያነበብኩት በተሰነጠቀ ስልክ ነው፣ ሥዕሉን በጣቴ እያሳደግሁ፣ አንዷን ሥዕል ደጋግሜ እየተመለስኩባት። እስካሁን ድረስ እንደዚያ የነካኝ ታሪክ የለም።

አሁን ከዚህ ታሪክ የተሠራውን የ2006ቱን የኤክስ-ሜን ፊልም እይልኝ። ስኮት ፊልሙ ገና ሳይሞቅ ሞተ። ኮከቡ የለም። ድባሪዎች የሉም። ጨረቃ የለም። መጨረሻ ላይ ጂን «አድነኝ» ትላለች፣ ዎልቨሪን የሚባለው ሌላው ጀግና በብረት ጥፍሩ ይወጋታል። በቃ! የታሪኩ ነፍስ እኮ ምርጫዋ ነበር። ምርጫውን ከእሷ ነጥቀው ለታዋቂው ወንድ ሰጡት። ይባስ ብሎ የጀግኖቹን ልዩ ኃይል ስለሚያጠፋው «መድኃኒት» የሚያወራ ሌላ የኮሚክ ታሪክ አመጡና ሁለቱን በ104 ደቂቃ ውስጥ ጨመቋቸው። የፊተኛው ዳይሬክተር ብራያን ሲንገር ሱፐርማንን ሊሠራ ትቷቸው ሄዶ ነበር። ብሬት ራትነር ገባና ቶሎ ቶሎ ተሠርቶ ወጣ። ገንዘቡ ግን መጣ፣ ከ450 ሚሊዮን ዶላር በላይ። የእኛ ንዴት በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ላይ አልተጻፈም።

2. ታሪኩ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈልግ አስላ።

ኮሚኩ ጂንን እስኪጥላት ድረስ ዓመታት ፈጅቶበታል። አንባቢው ወዷታል፣ ለምዷታል፣ ለዚያ ነው የሚያመው። በ2019 «ዳርክ ፊኒክስ» ብለው እንደገና ሊሠሩት ነው ሲባል አዲሷ ጂን የታየችው በ2016ቱ የኤክስ-ሜን ፊልም ብቻ ነበር። ገና ሳናውቃት ልናለቅስላት ነው ማለት ነው። ይሄን ያኔ እዚሁ ጽፌው ነበር፣ የፈለገ ወደ ላይ ሄዶ ያንብበው። እና ፊልሙን የጻፈው ማን ሆነ? ሳይመን ኪንበርግ! የ2006ቱን ከዛክ ፔን ጋር የጻፈው ራሱ። አሁን ደግሞ ዳይሬክተሩም እሱ። ብዙ ሰው «የድሮውን ሊክስ ነው» አለ። እኔ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ሆኜ ነበር፣ ታናሽ ወንድሜ ግን ኮሚኩን ከእኔ ተቀብሎ ያነበበ ልጅ ነው፣ ካላየሁት ሞቼ እገኛለሁ አለ። ሄድን።

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። አንተ ደግሞ ደብረ ሲናን አልፈህ፣ የጣርማበርን ዳገት ወጥተህ ነው እኛ ጋ የምትደርሰው፣ ድካሙን ጨምርበት። በዚያ ብርድ ጎህ ሳይቀድ ሚኒባስ ይዘን አዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ ወረድን። ሲኒማው በገጹ ላይ የለጠፈው 8 ሰዓት ነበር። ደርሰን ስንጠይቅ ወደ 12 ተዛውሯል። ትኬት የምትቆርጠው ልጅ ከስልኳ ቀና አላለችም። «ከሩቅ ነው የመጣነው፣ የ12ቱን ካየን መመለሻ መኪና አናገኝም፣ ገጻችሁ ላይ እኮ 8 ይላል» አልኳት በትሕትና። «ገጹን እኔ አልጻፍኩትም፤ የምትቆርጥ ከሆነ ቁረጥ፣ ካልሆነ ሰው አታስቁም» አለችኝ። ከኋላዬ የቆመ ሰው አልነበረም። ኃላፊ ጥሩልኝ ብል ኃላፊ ምሳ ወጥቷል። ሰው እንዴት ይቅርታ የሚባል ነገር ያጣል? አንድ ሰዓት ቀይሮ መለጠፍ ምን ይከብዳል? ከክፍለ ሀገር የሚመጣውን ተመልካች ማንም አይቆጥረውም። ለወንድሜ ስል ቆረጥኩ፣ ማታ አክስቴ ቤት ማደር ግድ ሆነ።

ፊልሙ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፣ ጠፈር ላይ ጠፈርተኞቹን የሚያድኑበት ቦታ፣ ደህና ነው፤ አልዋሽህም። ከዚያ ሰው መስለው የመጡት ክፉዎቹ ፍጡራን ብቅ አሉ። ስማቸው ሲጠራ ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ። «ድባሪ አለ እንዴ? እነዛ የሞቱት አይደሉም እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ። ናቸው። በኮሚኩ ላይ ያለ አንዳች ጥፋት ያለቁት፣ ጂን የሞተችላቸው ሰዎች፣ እዚህ ምድርን ሊወርሩ የመጡ ጠላቶች ሆነዋል። ተበዳዩን ወንጀለኛ አደረጉት! ሕዝባቸውን ያጠፋችው ጂን መሆኗ ቀርቶ ኃይሉ እሷ ጋ ከመድረሱ በፊት ያጠፋው ሆነ። ታዲያ ምን ልትክስ ነው የምትሞተው? ዕዳው ሲነሣ መሥዋዕቱም አብሮ ይነሣል። አንጀቴ እርር ነው ያለው። ወንድሜ እስከ አክስቴ ቤት አንድ ቃል አልተነፈሰም። ፊልሙ 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት 250 አካባቢ ነው ያስገባው፣ ከማስታወቂያው ወጪ ጋር ኪሳራ ነው። ደስ አላለኝም። ከእንግዲህ ያንን ታሪክ በቅርቡ የሚነካው አይኖርም ብዬ ነው ያዘንኩት።

3. የተለወጠ ሁሉ ተበላሸ አትበል።

ይሄን የምልህ አንዳንዱ ልጅ የልብሱ ቀለም ተቀየረ ብሎ ስለሚጮህ ነው። በ2002ቱ ስፓይደርማን ድሩ ከእጁ ሥር ነው የሚወጣው፣ በኮሚኩ ግን የድር መርጫ መሣሪያውን የሠራው ራሱ ነው። ያኔ ብዙ ሰው ተቆጥቶ ነበር። ነገር ግን አጎቱ በእሱ ቸልተኝነት መሞቱ፣ ያ ጸጸት፣ እንዳለ ነው። ስለዚህ ፊልሙ የእኛ ነው። ስለ ዎልቨሪን (ሎጋን ሌላ ስሙ ነው) የተሠራው የ2017ቱ ሎጋንም ከመነሻ ኮሚኩ የወሰደው ትንሽ ነው። ኮሚኩ ውስጥ ሐልክና ሆክአይ የሚባሉ ሌሎች የማርቭል ጀግኖች አሉ፣ ፊልሙን የሠራው ስቱዲዮ ግን የእነሱ መብት አልነበረውም። ማርቭል በ1990ዎቹ ገንዘብ ሲቸግረው የፊልም መብቱን ለየስቱዲዮው ሲሸጥ ኖሯል፣ በ1996 ጭራሽ ኪሳራ አውጇል። እንዲህ ያለውን ለውጥ አልቃወምም። ያረጀውን፣ የደከመውን፣ የጸጸተውን ሎጋን ግን አልነኩትም።

አያቴ መንዝ ውስጥ ተረት ሲነግረን መንደሩን ቢቀይር፣ የሰውየውን ስም ቢረሳ ዝም እንላለን። ማን ማንን አታለለ የሚለውን ከቀየረ ግን ሁላችንም ነበር የምንጮኸው፣ ያውም ትንሿ ልጅ ሳትቀር። አንተም በዚህ ለካው። የምትወደውን ኮሚክ አሁኑኑ ክፈትና «ይሄ ከወጣ ታሪኩ የለም» የምትለውን አንድ ነገር ለይተህ ያዝ። እሱ ካለ ሌላውን ይቅር በል።

4. አዲስ አበባ ልሂድ ወይ ላልከው።

የመጀመሪያው ቀን አትሂድ። ኮሚኩን ያነበበ አንድ የምታምነው ሰው ይየውና ይንገርህ። ካላማረ እኛው ጋ በሳምንቱ በፍላሽ ይዞራል፣ ግን የሲኒማ ቤት ካሜራ ቅጂ እንዳይሸጡልህ። አንዱ የፊልም መጫኛ ቤት «ጥርት ያለ ነው» ብሎ የሰው ጭንቅላት የሚያልፍበትን ጭኖልኝ፣ ብመለስ አልቀይርም ብሎኛል። እዚያው ሱቁ ውስጥ ከፍተህ መሃሉን እይ። ሲኒማ የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ገጻቸውን አትመን፣ ደውልላቸው፣ ስልክ ካላነሱ አዲስ አበባ ያለ ዘመድህ በአካል ጠይቆ ይቁረጥልህ።

ጂን ግሬይን ለምታነቡ ሌሎቻችሁ ከኤክስ-ሜን ኮሚክ 129ኛው እትም ጀምሩ፣ እስከ 137 አታቋርጡ። የ1990ዎቹ የኤክስ-ሜን ካርቱንም በ1994 በአራት ክፍል ሠርቶታል። መጨረሻው ላይ ይለያል እንጂ ከሁለቱም ፊልሞች በብዙ ይሻላል፣ ለልጆችም ይሆናል።

ወንድሜ፣ የትኛው ኮሚክ እንደሆነ ግን አልነገርከንም። ስሙንና ፊልሙን የሚጽፈውን ሰው እዚሁ ጻፍልኝ፣ ዛሬ ማታ የሰውየውን ሥራዎች አይቼ ሂድ ወይም ቅር እልሃለሁ።