«እጁን ሰበርሽው» ትለኛለች

ጥያቄ፦ ሁለት ዓመት ተኩል የሆነውን የልጅ ልጄን ታክሲ ላይ ሳሳፍር ግራ እጁን ይዤ ሳብ አደረግሁት። ጮኸ፤ ከዚያ በኋላ እጁን አላነሳ አለ። ጤና ጣቢያ ሐኪሟ ክንዱን ጠምዘዝ ብታደርገው ወዲያው ዳነ። ልጄ ግን «እጁን ሰበርሽው» ትለኛለች። ጎረቤት ደግሞ ወጌሻ ይሽው ይላል። ምን ላድርግ?
አያት ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እማማ፣ አልሰበሩትም። አጥንቱ ቢሰበር ኖሮ በአንድ ጥምዘዛ አይድንም ነበር።

ከክርን በታች ካሉት ሁለት አጥንቶች በአውራ ጣት በኩል ያለውን፣ ክርኑ ጋ ባለው ጫፉ አካባቢ እንደ ቀለበት ዙሪያውን የሚይዝ ጅማት አለ። በሕፃናት ላይ ይህ ጅማት ልል ነው። እጅ ተዘርግቶ ድንገት ሲሳብ ሾልኮ መገጣጠሚያው ውስጥ ይቀረቀራል። በብዛት የሚያጋጥመው ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉ ልጆች ነው። ግራ እጁ መሆኑም አልገረመኝም፤ አብዛኞቻችን ቀኝ እጃችን ስለሚቀናን፣ አጠገባችን የሚሄደውን ልጅ የምንይዘው ግራ እጁን ነው።

እንዲህ የሆነ ልጅ ክንዱን ጎኑ ላይ አንጠልጥሎ፣ መዳፉን ወደ ታች አዙሮ ዝም ይላል። እብጠት የለም። አንዳንዱ አንጓውን ያሳይና ወላጁን ያሳስታል። ሐኪም በአንድ እጁ ክርኑን ደግፎ በሌላው ክንዱን ያዞራል፤ «ቀጭ» ይላል፤ ልጁ ለአፍታ ያለቅሳል። እኔ ከዚያ ብስኩት ይዤ እቀመጣለሁ። ብዙዎቹ ትንሽ ቆይተው በዚያው እጃቸው ይቀበሉኛል! ታሪኩ እንደ እርስዎ ግልጽ ከሆነ ራጅም ጄሶም አያስፈልግም።

ስለዚህ የዳነውን ክንድ ምን ብለው ያሳሹታል? ሁሉንም ወጌሻ አልኮንንም። ግን በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ደም ያጣ፣ ጣቱ የጠቆረ እጅ አይቻለሁ፤ የሚቆረጥም አለ። በተለይ ልጅ ወድቆ ክርኑ ካበጠ ወይም ከተጣመመ ማንም አይሸው፣ አይጠምዝዘው፤ ክንዱን ደግፋችሁ በቀጥታ ሆስፒታል ውሰዱት።

አንዴ የወጣ ክርን ሊደገም ይችላል። አምስት ዓመት ሲያልፈው ጅማቱ ይጠነክራል። እስከዚያው በብብቱ ሥር ይዘው ያንሱት፤ ሁለት እጁን ይዞ ማወዛወዝም ይቅር።

ልጅዎንም አንድ ነገር ይንገሩልኝ፤ ጠባብ ሹራብ ስታለብሰው እጁን ይዛ በእጅጌው ውስጥ ከጎተተችው፣ እርስዎ ታክሲ ላይ ያደረጉትን እያደረገች ነው።