ጀበናው ሲጣድ ሁለት ገጽ፦ ስለ ዕለት ልማድ ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖች። ደሴ ነው ያለሁት፤ ለረጅም ዓመታት የስፖርት መምህር ነበርኩ። ራስን ስለመግዛትና ስለ ዕለት ልማድ የምትጠይቁኝን እስከ መግሪብ እመልሳለሁ።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ መጽሐፍ እጀምርና በሦስተኛው ቀን እተወዋለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በቀን ሃምሳ ገጽ አቅደሽ ይሆናል። ሁለት ገጽ አድርጊው። ከገጹ ብዛት ይልቅ ግን ማንጠልጠያው ይበልጣል። አዲሱን ነገር ከማይቀር ነገር ላይ አንጠልጥይው። እናንተ ቤት ቡና ሳይፈላ የሚያልፍ ቀን አለ? ጀበናው ከሰሉ ላይ ሲጣድ መጽሐፉን አንሺ። አቦሉ እስኪቀዳ ሁለት ገጽ ታነቢያለሽ። የእኔ መጽሐፍ ረከቦቱ አጠገብ ነው የሚያድረው፤ ሽፋኑ ላይ የስኒ ክብ ታትሞበታል።

«ጠዋት እራመዳለሁ» ማለትም አይበቃም። «ከሱብሂ ሰላት ስወጣ» ወይም «ኪዳን አድርሼ ስመለስ እስከ ድልድዩ እራመዳለሁ» በሉ። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ይህን ሲያጠና ኖሯል፤ «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» ብሎ የወሰነ ሰው በደፈናው ካቀደው ይልቅ ይፈጽማል። እኔ ጫማዬን ማታ በሩ ሥር አስቀምጣለሁ፣ ካልሲው ውስጡ ነው። ጠዋት የማስበው ነገር የለም።

ከደሴ፦ በ21 ቀን ልማድ ይሆናል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እሱን ተዉት። አንድ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመላመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው እ.ኤ.አ. በ1960 ጻፈ። ከዚያ «ቢያንስ» የሚለው ቃል በመንገድ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ በለንደን 96 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ግን መካከለኛውን 66 ቀን አገኘው። እንደየሰዉና እንደየሥራው ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ብዙም እንዳልጎዳም ታይቷል። ስለዚህ አንዱ ቀን ቢያልፍህ አብሽር። ሁለተኛውን ግን አታሳልፍ።

ከመርሳ፦ ሕይወቴን መለወጥ እፈልጋለሁ። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ የቱን? ስንት ሰዓት ላይ? የት ቦታ? እነዚህን ጽፈህ ተመለስ።

ከወልዲያ፦ ይህ «ትንሽ ትንሽ» የሚባለው አልዋጥ አለኝ። ረመዳን ሲገባ ከመጀመሪያው ቀን ሙሉ ቀን ነው የምንጾመው።

ከሐይቅ፦ እሱ እምነት ነው ወንድሜ። ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ይጾማል። እኛም ሁዳዴን 55 ቀን ጾመን በፋሲካ ማግሥት ሁሉም ይረሳል።

ከወልዲያ፦ እናትህ ከበዓለ ሃምሳ በቀር ዓመቱን ሙሉ ረቡዕና ዓርብ ይጾሙ የለ? እሱስ ይረሳል?

ከኮምቦልቻ፦ ሕፃናት እኮ እስከ እኩለ ቀን ነው የሚጀምሩት!

መልስ፦ እሷ መለሰችላችሁ። የአባቴ ወገን ረመዳንን፣ የእናቴ ወገን ሁዳዴን ይጾም ነበር። በሁለቱም ቤት እኛን ልጆቹን እስከ ስድስት ሰዓት አስጹመው ያበሉን ነበር። በየዓመቱ ትንሽ እየገፋን አዋቂ ሆንን። የሐይቁ ልጅ ስለ ሰፈር ያለውም ልክ ነው፤ ብቻህን ከምትራመድ ጎረቤትህን ቀስቅሰው።

ከደሴ፦ በዚህ ብርድ 11 ሰዓት ላይ መነሳት አቃተኝ።

መልስ፦ ማታ ስንት ሰዓት ትተኛለህ? መጀመሪያ እሱን አስተካክል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ብርዱ የትም አይሄድም። ጋቢህን ደርበህ ውጣ።

ከባቲ፦ ጫት ለመተውስ?

መልስ፦ መጀመርና መተው ይለያያሉ። የምትቅምበትን ቤትና ሰዓት ለውጥ። እንቅልፍ እንቢ ካለህ ሐኪም አማክር፤ ከዚህ በላይ የእኔ ሙያ አይደለም።

ከመርሳ፦ ልማድ ለመያዝ በጥቅሉ ስንት ቀን ይፈጃል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባክህ አንብብ። የጠየቅኩህንም ሦስት ጥያቄ አልመለስክም።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ ባለፈው ወር ሁለት ሳምንት ስጽፍ ቆይቼ ለቅሶ መጣና ሦስት ቀን ተቋረጠ። ከዜሮ ልጀምር?

መልስ፦ ነፍስ ይማር። ለቅሶ አይቀርም፣ ራስሽን አትውቀሺ። የጻፍሻቸው አሥራ አራት ቀኖች የትም አልሄዱም። የግድግዳ ካሌንደር ካለሽ በየጻፍሽበት ቀን ላይ በእስክሪብቶ ጭረት አድርጊ፤ ባዶዎቹን ሦስት ቀኖች እንዳሉ ተያቸው። ዛሬ ማታ እራት ሲነሳ አንድ መስመር ብቻ ጻፊ። ነገ ቀጣዩን ጭረት ስታደርጊ ንገሪኝ፣ እጠብቃለሁ።