ባዶ ሳጥንና ዜሮ አንድ አይደሉም

ልጆች፣ ሐኪም የታመመውን ሰው ያያል። እኔ ደግሞ ስንት ሰው እንደታመመ ስደምር ዕድሜዬን ጨረስኩ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ሙያውን የጀመራችሁ ልጆች ላፕቶፕ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። «ጋሼ፣ ተመልከቱ፣ በሽታው እኮ ወርዷል!» ትሉኛላችሁ። ደስታችሁን ማበላሸት አልወድም። ግን አንድ ነገር ሳልጠይቃችሁ አላልፍም፤ ጥያቄውንም ራሴ ተጠይቄ ነው የተማርኩት።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። የተቅማጥ በሽታ ግራፍ ሠራሁ። ለስድስት ወር ቁልቁል የሚወርድ፣ ሲያዩት የሚያምር መስመር። ስብሰባ ላይ አቀረብኩት፣ ተጨበጨበልኝ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አንጋፋ ነርስ እጃቸውን አወጡና «ልጄ፣ ፎርሙን የሚሞላው ማን ነው?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። በማግስቱ ከሁሉም በላይ «ቀነሰ» ወዳልኩበት ጤና ተቋም ሄድኩ። መዝገቡን ገለጥኩት። ፎርም ይሞላ የነበረው ሠራተኛ ተዛውሯል፤ ተተኪ አልመጣም። ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ሳጥኖቹ ባዶ ናቸው። እኔ ቢሮዬ ተቀምጬ ባዶውን ሁሉ ዜሮ ብዬ ደምሬዋለሁ። እናቶች ግን ልጆቻቸውን አቅፈው ኮሪደሩን ሞልተውት ነበር።

እና የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይኸው ነው፤ ማን ቆጠረው?

ይህ የትንሽ ተቋም ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2019 በዓለም ዙሪያ 7.1 ሚሊዮን ገደማ አዲስ የቲቢ ታማሚዎች ተመዝግበው ነበር (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ2020 ቁጥሩ ወደ 5.8 ሚሊዮን ወረደ። መስመሩን ብቻ ያየ ሰው እልል ሊል ይችላል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ኮቪድ መጣ፣ ሰው ቤቱ ተቀመጠ፣ የምርመራ መሣሪያውም ባለሙያውም ወደ ኮቪድ ዞረ። ቲቢው አልቀነሰም፤ የቀነሰው የሚመረመረው ሰው ነው። በዚያው ዓመት በቲቢ የሚሞተው ሰው ግምት ጨመረ።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። በ1993 አሜሪካ ውስጥ ሪፖርት የተደረገው የኤድስ ታማሚ ቁጥር ካለፈው ዓመት ከእጥፍ በላይ ሆነ። ቫይረሱ በአንድ ሌሊት ክንፍ አላወጣም። «ኤድስ ያለበት» ለመባል የሚያስፈልገው መስፈርት ከጥር ጀምሮ ሰፍቶ ነበር። ስለዚህ ግራፍ ላይ ድንገተኛ ዝላይ ስታዩ፣ ስለ ተህዋሲው ከማሰባችሁ በፊት ፎርሙ ተቀይሮ እንደሆነ እዩ።

ሌላው ሁልጊዜ የምትምታቱበት ነገር የሞትና የመያዝ ጉዳይ ነው። ኩፍኝን እንውሰድ። አሜሪካ ውስጥ የኩፍኝ ሞት በሀገር ደረጃ መመዝገብ በጀመረባቸው አሥር ዓመታት በአማካይ 6,000 ሰው በየዓመቱ ይሞት ነበር። ክትባቱ በ1963 ሊመጣ ሲል ይህ ቁጥር ከ400 እስከ 500 ወርዶ ነበር። ምግብ ተሻሽሏል፣ ሕክምናውም ተሻሽሏል። ይህን ይዘው «ኩፍኝ እኮ ያለ ክትባትም እየጠፋ ነበር» የሚሉ ሰዎች ታገኛላችሁ። አልጠፋም! ያኔም በየዓመቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ሰው ይያዝ እንደነበር ይገመታል። የሚሞተው አነሰ እንጂ የሚታመመው ያው ነበር። የሚታመመውን ቁጥር የጣለው ክትባቱ ነው። (ከእነዚያ ሚሊዮኖች ሪፖርት የሚደረገው ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ብቻ እንደነበርም ልብ በሉ። ማን ቆጠረው ያልኳችሁ ለዚህ ነው።)

የእኔ ዘመን ሰዎችን ከሁሉ በላይ ያስገረመን ግን ፖሊዮ ነው። ንጹሕ ውሃና ሽንት ቤት ሲስፋፋ ተቅማጡም ታይፎይዱም ወረደ። ፖሊዮ ግን በሀብታም ሀገሮች ባሰበት። ለምን? ድሮ ሕፃናት ገና ጡት እየጠቡ ቫይረሱን ያገኙት ነበር። ከእናታቸው የወረሱት መከላከያ ስላላቸው አብዛኞቹ ምንም ሳይሆኑ ያልፋሉ፣ ለዕድሜ ልክም ይጠበቃሉ። ጽዳት ሲመጣ ቫይረሱ የሚያገኛቸው ዘግይቶ ሆነ፤ ያ መከላከያ ካለቀ በኋላ፣ መራመድ ከጀመሩ በኋላ። ሽባነቱ ያኔ በዛ። በ1952 አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 58,000 ሰው ታመመ። ክትባቱ በ1955 ባይመጣ ኖሮ ነገሩ የት ይደርስ ነበር? አንድ መልካም ነገር ሁሉንም መስመር ወደ ታች ይጎትታል ብላችሁ አታስቡ።

የወረደ መስመርም እዚያው ይቆያል ማለት አይደለም። በ1970ዎቹ ብሪታንያ ውስጥ ስለ ትክትክ ክትባት ወሬ ተነዛ፤ አእምሮ ይጎዳል ተባለ። ከመቶ ሕፃናት 80 ገደማ ይከተቡ የነበረው ወደ 30 ገደማ ወረደ። ትክትክም ጊዜ አልፈጀበትም፣ ወረርሽኝ ሆኖ ተመለሰ። ወላጆቹን ሞኞች አትበሏቸው። በሽታውን ስለማያዩት ነው የፈሩት መርፌውን።

አንድ መስመር ግን ዜሮ ደርሶ ቀርቷል፤ ፈንጣጣ። በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻ ሰው በ1977 ሶማሊያ ውስጥ፣ መርካ ከተማ ተገኘ። ዓለም ነፃ ወጣች የተባለው ግን በ1980 ነው። በመካከል ያሉትን ዓመታት በፍለጋ ነው ያሳለፏቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ ያለበትን ሰው ለጠቆመ 1,000 ዶላር ሽልማት አወጀ። ሠራተኞች የታማሚ ልጅ ፎቶ ያለበት ካርድ እያሳዩ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» ብለው ጠየቁ። ጥቆማው ጎረፈ። እየተሄደ ታየ፣ ናሙናም ተወሰደ፤ ጉድፍ ሆነ፣ ኩፍኝ ሆነ፣ ሌላ ሽፍታ ሆነ። ፈንጣጣ አልተገኘም። የሽልማቱንም ገንዘብ የወሰደ የለም። ያንን ሳጥን ዜሮ ብለው የሞሉት ከዚያ በኋላ ነው።