ሜዳው ባሕር ዳር፣ እሽቅድምድሙ አሥመራ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለጋሽ መምህር። ሽምብጥ ሰፈር ብስክሌት እጠግናለሁ። ባሕር ዳር አቀበት የላትም፤ ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ዳቦ አመላላሹ ሁሉ ፔዳል ላይ ነው። ኤርትራዊው ብስክሌተኛ ቢንያም ግርማይ በፈረንሳዩ ታላቅ የብስክሌት ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስ ላይ ካሸነፈ ወዲህ ደንበኞቼ «ከእኛ ከተማ ሳይሆን እንዴት ከአሥመራ?» እያሉ ያፋጥጡኛል። አንዱማ «ስፖርት በደም ነው፤ ለሕንድ ክሪኬት፣ ለእኛ ሩጫና ኳስ ተሰጥቷል» ይላል። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ልጄ፣ በደሙ ነገር ከደንበኛህ ጋር አልስማማም።

የሰውነት ማጎልመሻ ሳስተምር ሒሳብ የሚያስተምር ሕንዳዊ ባልደረባ ነበረኝ። በዕረፍት ሰዓት ጣውላ ጠርቦ ልጆቹን ክሪኬት ሊያለማምድ ይታገላል፤ እነሱ ኳሷን በእግራቸው ይለጓታል። «የእኔ አባት እኮ ክሪኬት አይወድም፤ የሚያብደው በሆኪ ነው» አለኝ አንድ ቀን። ሆኪ ማለት የእኛው ገና ነው፤ ሩሯን በዱላ መጠለዝ። ሕንድ ከ1920 እስከ 1949 ዓ.ም. (ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በተከታታይ 6 የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዳበታለች። በ1968 ሞንትሪያል ላይ ሣሩ ቀርቶ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ መጣ። ውድ ነገር ነው፤ የገጠር ልጅ የት አግኝቶ ይለማመድበት? ሕንድ 7ኛ ወጣች። በ1972 ሞስኮ ላይ አንድ ወርቅ አገኘች፤ ከዚያ በኋላ ወርቅ የለም። በ1975 ደግሞ በካፒል ዴቭ የሚመራው የሕንድ ቡድን ለንደን ላይ ዌስት ኢንዲስን ረትቶ የክሪኬትን የዓለም ዋንጫ ይዞ ገባ። የሰፈሩ ልጅ ዱላውን ለወጠ። ደሙ ያው የአባቱ ደም ነው።

ፊሊፒንሶችንም እይ። ቁመታቸው ለቅርጫት ኳስ አይደለም፤ አሜሪካኖች ሲገዟቸው በየትምህርት ቤቱ ያስገቡት ጨዋታ ግን እስከ ዛሬ ነፍሳቸው ነው። በ1947 ከዓለም 3ኛ ሆነውበታል።

ወደ ሙያህ ልምጣ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ቸርኬ ስትል በጣልያንኛ እያወራህ ነው። አሥመራ ላይ ጣሊያኖቹ ከዕቃው ጋር እሽቅድምድሙንም ይዘው ገቡ። ሀገሬውን መጀመሪያ ከእነሱ እኩል አያሰልፉትም ነበር። ሰዉ ዳር ቆሞ እያየ በቁጭት ተቃጠለ፤ ኋላ ራሱ ገባበት። የኤርትራ ዙር የሚባለው የብስክሌት ውድድር የተጀመረው በ1938 ነው። ቢንያም በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ የነጥብ መሪውን አረንጓዴ ማሊያ ሲለብስ ከኋላው ይህ ሁሉ የእሑድ ውድድር ነበረ።

ኢትዮጵያ ጭራሽ የለችበትም እንዳትል ግን። በ1949 ሜልቦርን ኦሊምፒክ ብስክሌተኞች ልካለች፤ የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ቱር ደ ፍራንስን ተወዳድሯል። እኛ ባሕር ዳሮች ነን ብስክሌቱን ገበያ መድረሻ አድርገን የቀረነው።

አንድ ዓመት እኔም ወግ ደርሶኝ ለተማሪዎቼ እስከ ጢስ ዓባይ ውድድር አዘጋጀሁ። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነው። ከ11 ልጅ 4ቱ ደረሱ፤ የቀሩት ጎማቸው ተንፍሶ እየገፉ ተመለሱ። የደረሱትም ያልደረሱትም «ጋሼ፣ ቀጣዩ መቼ ነው?» እያሉ ወር ሙሉ መውጫ መግቢያ አሳጡኝ። እኔ ደግሞ ለጎማ ማስጠገኛ ካሣ የጠየቀኝን አንድ ወላጅ ፈርቼ ነገሩን አዳፈንኩት። ደንበኞችህ ሲያፋጥጡህ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ንገራቸው፤ ከፈለጉ ቤቴንም አሳያቸው።