የቡና ፕሮግራማችሁን ስለማሳደግ ለጠየቅሽው

እህታችን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ በየዓመቱ የምታዘጋጁት የቡና ፕሮግራም አርባ ሰው እየመጣበት ወደ 2,000 ዶላር እንደሚያስገኝ፣ ዘንድሮ ግን የሆቴል አዳራሽ ተከራይታችሁና ድምፃዊ ጠርታችሁ 150 ሰው ለማስገባት እንዳሰባችሁ ጽፈሻል። ገንዘቡ አገር ቤት ላሉ የልብ ሕሙማን ሕፃናት ቀዶ ሕክምና ነው ብለሻል። የአዳራሹን ውል ገና ካልፈረማችሁ እባካችሁ አትፈርሙ፣ መጀመሪያ ይህን አንብቡት። እዚህ አካባቢ በዚህ ሥራ ዓመታት ቆይተናል። ሰው ሁሉ ዝግጅቱን ስለማሳመር ይመክራችኋል፤ ገንዘቡ የት እንደሚቀር ግን የሚነግራችሁ አታገኙም።

1ኛ. አዳራሹ። ሆቴል ሲደወል የሚሰማው “ኪራይ የለውም” የሚል ነው። ውሉ ሲመጣ ግን የምግብና መጠጥ ዝቅተኛ ወጪ የሚል መስመር አለበት። እዚያ 10,000 ዶላር ከተጻፈ መነሻው እሱ ነው ማለት ነው። 24 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመርበት 12,400 ይሆናል፣ በ10,000ው ላይ የሜሪላንድ 6 በመቶ የሽያጭ ግብር ሲደመር ቢያንስ 13,000 ይደርሳል። 150ውም ሰው የ60 ዶላር ትኬት ገዝቶ ቢገባ 9,000 ነው። እንግዲህ ድምፃዊውም የድምፅ መሣሪያውም ሳይከፈል፣ አዳራሹ ሞልቶ ቢያንስ 4,000 ዶላር ጎድሏችኋል ማለት ነው። ሰው ቢቀር ደግሞ ዝቅተኛው ወጪ አብሮ አይቀንስም። ከውጭ ምግብ ማስገባትም በአብዛኛው አይፈቅዱም፤ እንጀራው ቀርቶ በዶሮ አሮስቶ ልትስማሙ ነው። የሞላ አዳራሽ ፎቶ አንስተው፣ ለሕፃናቱ የሚልኩት አጥተው ከኪሳቸው ያዋጡ ኮሚቴዎች አሉ። ልብ ይሰብራል።

የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ የትምህርት ቤት ካፍቴሪያ ወይም የማኅበረሰብ ማዕከል ፈልጉ። ስትጠይቁ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ። ወጥ ቤቱ ምድጃ አለው ወይስ ማሞቂያ ብቻ? ጠረጴዛና ወንበሩ ከኪራዩ ጋር ነው? ለማሰናዳት የምትገቡበትና አጽድታችሁ የምትወጡበት ሰዓት ከኪራዩ ይቆጠራል? ለ120 ሰው ለማሰናዳት ሦስት ሰዓት፣ ለማጽዳት አንድ ሰዓት ተኩል ያስፈልጋል። ይህን ሳታስቡ የአምስት ሰዓት ኪራይ ከወሰዳችሁ ለፕሮግራሙ የሚተርፈው ግማሽ ሰዓት ነው።

የኢንሹራንስ ወረቀትም ይጠይቃሉ። ብዙ ጊዜ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽፋን ያለውና አዳራሹን ተጨማሪ ተሸፋኝ አድርጎ የሚጠቅስ መሆን አለበት። ለአንድ ቀን ዝግጅት የሚሸጥ አለ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚንገላታው። ወረቀቱ ላይ የአዳራሹ ስም ውሉ ላይ ካለው በአንዲት ቃል ከተለየ ይመልሱታል፤ ያውም ሐሙስ ከሰዓት፣ ዝግጅቱ ቅዳሜ ሆኖ። ስሙንና አድራሻውን ከውሉ ላይ እንዳለ ገልብጣችሁ ለኢንሹራንሱ ላኩ። ወረቀቱንም ከሦስት ሳምንት በፊት አስገቡና “ተቀብለናል” የሚል የኢሜይል መልስ ያዙ። የምናውቀው አንድ ቢሮ በስልክ አንድ ነገር ይላል፣ መስኮቱ ላይ ስትደርሱ ሌላ። ያናገርኳት ልጅ እንዲህ ብላኝ ነበር ብትሉ ማንም አይሰማችሁም፤ ኢሜይሉን ስታሳዩ ግን ዝም ይላሉ።

2ኛ. ገንዘቡ የሚገባበት ሒሳብ። በማንም ግለሰብ ዜል ወይም ካሽ አፕ አትሰብስቡ፤ የኮሚቴዋ ሊቀ መንበር ሆና የታመነች እህት ብትሆን እንኳ። ሐሜቱ አንድ ነገር ነው፤ ትልቁ ነገር ሰጪው ለግብር የሚሆን ማስረጃ ማጣቱ ነው። ገንዘቡ በቀጥታ 501 ሲ 3 ፈቃድ (ከግብር ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት ፈቃድ) ባለው ድርጅት የባንክ ሒሳብ ይግባ። እናንተ ፈቃድ ከሌላችሁ የምትሰበስቡለት ድርጅት አሜሪካ ውስጥ የተመዘገበ አካል እንዳለው ጠይቁ፣ ካለው በስሙ እንድትሰበስቡ ደብዳቤ ይስጣችሁ። አገር ቤት ላለ ሆስፒታል በቀጥታ የተላከ ገንዘብ እዚህ ከግብር አይቀነስም። የተመዘገበ አካል ከሌለው ጥላ የሚሆናችሁ ሌላ ፈቃድ ያለው ድርጅት ፈልጉ፤ የተወሰነ መቶኛ ያስከፍላል፣ እሱን በጽሑፍ ተዋዋሉ። የትኛውንም ድርጅት ከመያዛችሁ በፊት በአይአርኤስ (በአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ ስሙን ፈልጉ። ዓመታዊ ማስታወቂያውን ሦስት ዓመት በተከታታይ ያላስገባ ማኅበር ፈቃዱ በራሱ ጊዜ ይሰረዛል፤ መሰረዙን እንኳ የማያውቅ የኛ ሰው ማኅበር ደግሞ ጥቂት አይደለም።

ደረሰኙ ላይ ሁለት ቁጥር ያዙ። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው ከድርጅቱ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ማረጋገጫው በልዋጩ የተሰጠው ነገር መኖር አለመኖሩን መግለጽ አለበት። ሌላው 75 ዶላር ነው። ከዚያ በላይ ከፍሎ እራት ለበላ ሰው የእራቱን ዋጋ ልትነግሩት ግዴታ ነው፤ በ100 ዶላር ትኬት የ35 ዶላር ምግብ ከቀረበ ከግብር የሚቀነሰው 65 ዶላሩ ነው። ይህን ትኬቱ ላይ ቀድማችሁ አትሙት። ከፈረንጆቹ 2026 የግብር ዓመት ጀምሮ ደግሞ ወጪውን በዝርዝር የማያቀርብ ሰውም በዕቃ ሳይሆን በገንዘብ የሰጠውን፣ ያላገባ እስከ 1,000፣ ባልና ሚስት እስከ 2,000 ዶላር መቀነስ ይችላል። ታክሲና ሊፍት የሚሠራው ወንድማችን፣ ሆስፒታል የምትሠራው እህታችን “እኔን አይጠቅመኝም” ይሉት የነበረው አሁን ይጠቅማቸዋል። ንገሯቸው።

3ኛ. ሰው የሚጠራው ማን ነው? ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ትወስዳላችሁ ብባል ይህን ውሰዱ እላለሁ። ፕሮግራም የሚያድገው በአዳራሽና በድምፃዊ አይደለም፣ ስልክ በሚደውሉ ሰዎች ቁጥር ነው። በራሪ ወረቀት ምግብ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል፣ ቫይበር ላይ ይዞራል፣ ሁሉም “እግዚአብሔር ይስጣችሁ” ይላል፤ በዕለቱ ግን የሚመጣው በስሙ ተጠርቶ፣ ቀርቶ ነገ ሲገናኙ የሚያፍር ሰው ነው። ይሉኝታችን ለበጎ ሲውል ይህን ያህል ጉልበት አለው።

ስለዚህ ኮሚቴ ከማብዛት የጠረጴዛ ባለቤት አብዙ። አንድ ባለቤት አንድ ጠረጴዛ፣ ስምንት ወንበር። ስምንት ለመሙላት ሃያ ሰው ትደውላለች። ክፍያውን ከዕለቱ በፊት ትሰበስባለች፤ ከፍሎ የሚቀር ጥቂት ነው፣ “እመጣለሁ፣ በር ላይ እከፍላለሁ” ያለው ግን ግማሹ ይቀራል። በዕለቱ ከእንግዶቿ ጋር ትቀመጣለች፣ ሰው የሚሰጠውን የሚጽፍበትን ካርድ በእጇ ታድላለች፣ በማግስቱ ደውላ ታመሰግናለች። በቃ፣ ሌላ ሥራ አትስጧት። ወጥ የምትሠራም ጠረጴዛ የምትይዝም አንድ ሰው ከሆነች ሁለቱም ይበላሻሉ።

ለዚህ ታዋቂ ሰው አትፈልጉ። የዕቁብ ሰብሳቢ ፈልጉ። የሰው ሁሉ ስልክ አላት፣ ገንዘብ ስትጠይቅ አትሽኮረመምም፣ ማን ቃሉን እንደሚጠብቅ ማን እንደሚያስደውል ለይታ ታውቃለች። እኛ ጋ በጣም የምንኮራባቸው ጠረጴዛዎች ስማቸው መድረክ ላይ ተጠርቶ የማያውቅ የዕቁብ እናቶች የሞሏቸው ናቸው። ከአርባ ሰው በአንዴ ወደ 150 አትዝለሉ። ዘንድሮ አሥር ጠረጴዛ፣ ሰማንያ ሰው ይሁን። ለሚቀጥለው ዓመት እያንዳንዷ ባለቤት ከጠረጴዛዋ ላይ አንድ አዲስ ባለቤት ትምረጥ። እንዲህ ያደገ ሰው አይበተንም።

ቀኑን ስትመርጡ ጾሙን እዩ፤ በዐቢይ ጾም፣ በፍልሰታና ከኅዳር 15 ጀምሮ በነቢያት ጾም ሙዚቃ ያለበት ዝግጅት አይሆንም። ረመዳንንም ተመልከቱ። በጁላይ 4 ሰሞን የሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ፌስቲቫል ሌላ ከተማ ሲሆን ሰዉን ይዞት ይሄዳል። ከመስቀል በኋላ ያሉት የኦክቶበር ቅዳሜዎች ጥሩ ናቸው።

ምግቡ ፍስክ በሚበላበት ቀን እንኳ ቢሆን የጾም አድርጉት። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ ይበላል፣ የማን ሥጋ ነው የሚል ጥያቄ አይነሳም፣ ወጪውም በግማሽ ይቀላል። ለመቶ ሰው 220 እንጀራ እዘዙ፤ ሽሮ ዱቄት 5 ኪሎ፣ ምስር ክክ 5 ኪሎ ከጎመን፣ ከአተር አልጫ፣ ከጥቅል ጎመንና ከሰላጣ ጋር ይበቃል። የጾም ነው ብላችሁ ግን አትዘናጉ። የተቀቀለ ምስርና ሽሮም ከ135 ፋራናይት በታች ወርዶ ለሰዓታት ከቆየ ሰው ያሳምማል፤ ለጤና በጎ አድራጎት በተጠራ ሰው ላይ ይህ መድረስ የለበትም። ትሪውን የሚያሞቅ ዕቃና የምግብ ቴርሞሜትር ያዙ። ምግቡን ፈቃድ ካለው ምግብ ቤት ካስመጣችሁ የጤና ቢሮው ጣጣ በአብዛኛው በነሱ ፈቃድ ይሸፈናል። ራሳችሁ ሠርታችሁ ለሕዝብ የምታቀርቡ ከሆነ ግን የጊዜያዊ ምግብ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ካውንቲውን ጠይቁ።

ቡናው የዝግጅቱ ልብ ስለሆነ አታስቀሩት። ነገር ግን አዳራሽ ውስጥ አትቁሉ። የጭስ ማስጠንቀቂያው በቀጥታ ከእሳት አደጋ ጋር የተገናኘበት ሕንፃ ብዙ ነው፤ አንድ ጊዜ ከጮኸ ሕዝቡ ሁሉ ውጭ ይወጣል፣ መኪናው ይመጣል፣ አዳራሹም ቅጣቱን ወደ እናንተ ያዞረዋል። ውጭ በጋዝ ምድጃ ቁሉትና ትኩሱን በምጣዱ አስገብታችሁ በየጠረጴዛው አዙሩት፤ ሽታው ያው ነው። ዕጣኑን ደግሞ በር ላይ፣ ከጣሪያው መሣሪያ ራቅ አድርጋችሁ፣ አዳራሹ በጽሑፍ ከፈቀደ ብቻ። ለመቶ ስኒ አንድ ኪሎ የተቆላ ቡና ያዙ።

ገንዘብ የሚጠየቀው በአቦልና በቶና መካከል ነው። ምግብ ሳይበላ የተጠየቀ ሰው ይጨነቃል፤ በረካን ከጠበቃችሁ ግማሹ ኮቱን ይዞ ወጥቷል። የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ ከሰባት ደቂቃ አይለፍ። ሕፃናቱን በሚያስለቅስ ፎቶ አታሳዩ፤ ክብር አላቸው። ነገሩን አስረዱ። ከሕፃናቱ ጥቂት የማይባሉት የታመሙት ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ ነው። ቶንሲሉ በወቅቱ በአንቲባዮቲክ ሳይታከም ይቀርና ሰውነት በሚሰጠው ምላሽ የልብ በሮች ይጎዳሉ። ቀድሞ የተደረሰበት ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ በሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ እንዳይብስበት ይጠበቃል፤ በሩ ክፉኛ የተበላሸበት ግን በአብዛኛው ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ልብ ቆሞ ሲቀደድ ደሙን በኦክስጅን የሚሞላው ኦክስጅነተር አንዴ ለአንድ ልጅ ብቻ ያገለግላል፣ የሚገዛውም ከውጭ በዶላር ነው። የመርፌውን፣ የኦክስጅነተሩንና የሚተካውን የልብ በር ዋጋ ከድርጅቱ በደብዳቤ ተቀበሉና ካርዱ ላይ በሦስት መስመር አስቀምጡት። “የቻላችሁትን” ስትሉት ሃያ ዶላር የሚያወጣ ሰው፣ የአንድ ልጅ ኦክስጅነተር ስትሉት ከጎኑ ካለው ጋር ተመካክሮ ለሁለት ይገዛል።

ከዚያ በፊት አምስት ሰው በግል አናግራችሁ እያንዳንዱ 1,000 ዶላር እንዲመድብና ሕዝቡ ለሚሰጠው ለእያንዳንዱ ዶላር አቻ እንዲሆን አድርጉ። አምስት ሺው ተዘጋጅቶ ሲነገር አዳራሹ ይነቃቃል። መሥሪያ ቤታቸው አቻ የሚከፍል ሰዎችም ጠረጴዛው ላይ አይጠፉም፤ ካርዱ ላይ “የት ነው የሚሠሩት?” የሚል መስመር ጨምሩ። ብዙ ኩባንያ ሠራተኛው የሰጠውን ያህል ይጨምራል፣ ሠራተኛው ግን ቅጹን ካልሞላ አይከፍልም። ቅጹን ተቀምጣችሁ አብራችሁ ሙሉለት።

ቃል መግባት እጅ በማውጣት ብቻ አይቅር። በዚያው ሰዓት ካርዱ ይሞላ፣ የኪውአር ኮዱ ጠረጴዛው ላይ ይኑር፣ የካርድ ማንበቢያ የያዙ ሁለት ወጣቶች ይዙሩ። ጥሬ ገንዘብ ስም በተጻፈበት ፖስታ ብቻ ይቀበሉ፣ ምክንያቱም ያለ ጽሑፍ የተሰጠ ጥሬ ገንዘብ፣ ትንሽም ይሁን፣ ለሰጪው ማስረጃ የለውም። ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች እዚያው ቆጥረው ይፈርሙ። ያልከፈሉ ቃሎች ላይ በ48 ሰዓት ውስጥ የጠረጴዛዋ ባለቤት ትደውል፤ ሳምንት ካለፈ የሚሰበሰበው በጣም ያንሳል።

የሎተሪውን ነገርም ጠይቀሻል። ሎተሪ በብዙ ቦታ የካውንቲ ፈቃድ ይፈልጋል፣ የትኬቱም ዋጋ ከግብር አይቀነስም። በሱ ፈንታ ጸጥ ያለ ጨረታ፣ ማለትም ሰው የሚገዛበትን ዋጋ ዕቃው አጠገብ ወረቀት ላይ የሚጽፍበት፣ ይሻላችኋል፤ የሐበሻ ቀሚስ፣ መሶብ፣ ሥዕል፣ ከሰው በስጦታ የተገኘ ይሁን፣ መነሻ ዋጋውን ከገበያው ግማሽ ላይ አድርጉት፣ ወረቀቱንም ገንዘብ ከሚጠየቅበት ሰዓት በፊት ዝጉት። ድምፃዊውን ግን የሚከፈለው ከሆነ ዘንድሮ ተዉት። ክራርና ማሲንቆ የሚጫወት የሰፈር ልጅ አይጠፋም፣ እሱን ለምሳ ጋብዛችሁ አሁኑኑ ተነጋገሩ።