ሚኒስትሩን ማን መረጠው? እኔ አልመረጥኩትም!

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ከድሬ ሳቢያን ነው የምጽፍላችሁ። ቅዳሜ በርጫ (የጫት ጨዋታ) ላይ የተነሳ ክርክር እስከ ማታ አላለቀም። አንዱ ጓደኛችን ሚኒስትር ለመሆን የግድ ተመርጠህ ፓርላማ መግባት አለብህ ይላል፣ ሌላው የለም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ደስ ያለውን ሰው ነው የሚያመጣው ይላል፣ እኔ ደግሞ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል ብዬ ነገሩን አባባስኩት። ተቃዋሚዎቹስ እንዴት ሚኒስትር ሆኑ? መስሪያ ቤቶቹስ ስማቸው ለምንድነው በየጊዜው የሚቀያየረው? ተወራርደናል፣ የተሸነፈ የሚቀጥለውን በርጫ ወጪ ይችላል።

መልስ፦ አቦ ሂሳቡን ካሁኑ አዘጋጅ፣ ሁለቱም ግማሽ ግማሹን አግኝተውታል፣ የተሳሳትከው አንተ ነህ 😄 (አንተ ያልኩህ ስለደፈርኩህ አይደለም፣ ድሬ ላይ አንቱ ማለት ይከብዳል ታውቃለህ።)

ከላይ እንጀምር። አንተ ምርጫ ጣቢያ ሄደህ የምትመርጠው የፓርላማ አባል ነው፣ ከ547ቱ ወንበር የድሬ ድርሻ 2 ብቻ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከነዚህ አባላት መሀል በምክር ቤቱ ይመረጣል፣ እሱ የግድ አባል መሆን አለበት። ሚኒስትሮቹ ግን የግድ አይደሉም። ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 74 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እጩዎቹን ከሁለቱ ምክር ቤቶች (ከሕዝብ ተወካዮችና ከፌዴሬሽን) ወይም ከምክር ቤቶቹ ውጭ ብቃት ካላቸው ሰዎች ያቀርባል፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል ነው የሚለው። ስለዚህ አንተ ሚኒስትሩን አልመረጥክም፣ የመረጥከው የመራጩን መራጭ ነው።

ማጽደቁን በቲቪ አይተኸው ይሆናል፣ የእጩዎቹ ሲቪ ይነበባል፣ አስተያየት የሚሰጥ ይሰጣል፣ ከዛ አፈ ጉባኤው የምትደግፉ ይላል እጅ ይወጣል፣ የምትቃወሙ፣ ድምፀ ተአቅቦ፣ በቃ አለቀ፣ ቀጥሎ ቃለ መሃላ ነው። ዝርዝሩ ባንድ ላይ ሲቀርብ አንዱን ሰው ያልወደደ አባል ምን ያድርግ? ለኔ ደካማው ቦታ እዚህ ጋ ነው። ሚኒስትር ዴኤታዎቹማ ጭራሽ እዛ አይመጡም፣ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ሹመት ያልቃል።

የሌላው አገር ደግሞ ይለያያል። እንግሊዝ ውስጥ ሚኒስትር ከሁለቱ ምክር ቤቶች ባንዱ መኖር አለበት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ዴቪድ ካሜሮንን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለማድረግ መጀመሪያ ሎርድ ማድረግ ነበረባቸው። ሆላንድ ተቃራኒው ነው፣ ሚኒስትር ከሆንክ የፓርላማ ወንበርህን ትለቃለህ። የኛ ሁለቱንም ይፈቅዳል።

ወደ ተቃዋሚዎቹ ስንመጣ፣ መስከረም 26 ቀን 2014 በጸደቀው ካቢኔ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ከኢዜማ ትምህርት፣ በለጠ ሞላ ከአብን ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ፣ ቀጀላ መርዳሳ ከኦነግ ባህልና ስፖርት ሚኒስትር ሆነው ገቡ። ብርሃኑ የፓርላማ ወንበር ሳይኖራቸው ነው የገቡት፣ ይሄንን ለመጀመሪያው ጓደኛህ ንገረው። ግን ይሄ እንደ ጀርመን ጥምር መንግስት አይደለም፣ እዛ አነስተኛው ፓርቲ ካልገባ ድምጽ ስለማይሞላ ሚኒስቴር ተደራድሮ ይወስዳል፣ ኩርፍ ብሎ ከወጣ መንግስቱ ሊወድቅ ይችላል። እኛ ጋ ብልጽግና ያኔ ከተቆጠሩት 436 ወንበሮች 410ሩን ስለያዘ የማንም ድምጽ አላስፈለገውም፣ ግብዣ ነው እንጂ ድርድር አልነበረም፣ የተጋበዘ ሰው ደግሞ ቢወጣም ቤቱ አይፈርስም።

የስሙ ነገር ቀላል ነው። ስንት ሚኒስቴር ይኑር የሚለው ሕገ መንግስት ውስጥ የለም፣ በአዋጅ ነው የሚወሰነው። በ2011 የሚኒስትሮቹ ቁጥር ወደ 20 ወርዶ ግማሾቹ ሴቶች ሆነው ነበር፣ በ2014 በአዋጅ ቁጥር 1263 ሚኒስቴሮቹ 22 ሆኑ። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ለብቻው ተቋቁሞ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተመለሰ፣ ታፔላው ሳይደበዝዝ ማህተሙ ተቀየረ።

ሦስታችሁም ደግሞ እዛው ጎናችሁ ያለውን ረስታችሁታል። ድሬ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግስት ቢሆንም በቻርተሯ፣ በአዋጅ 416/1996፣ የራሷ ምክር ቤት አላት፣ ከንቲባውን ከአባላቱ መሀል ይመርጣል፣ ከንቲባው ደግሞ የካቢኔ አባላቱን አቅርቦ በምክር ቤቱ ያስጸድቃል፣ ያው የፌዴራሉ መንገድ በትንሹ። የውሃ ወይ የመንገድ ጥያቄ ካላችሁ ከሚኒስትሩ በፊት የምትጠይቁት እዚህ ያለውን የቢሮ ኃላፊ ነው፣ እሱን ደግሞ ከዚራ ሰፈር ማኪያቶ ሲጠጣ ልታገኙት ትችላላችሁ።