«ጌታ በባቡር መጣ እንዴ?»

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ጓደኛዬ ቤት መጥታ ‹ጌታን ከተቀበልኩ ሁለት ዓመቴ ነው› ስትል አያቴ ‹ጌታ በባቡር መጣ እንዴ ልትቀበዪው የወጣሽው?› አሏት። እሷም ሳቀች፣ እኛም ሳቅን። እኔን ግን ነገሩ አልወጣልኝም። መሲህን ‹መቀበል› አማርኛ ነው ወይስ ከፈረንጅ የተገለበጠ?»

መልስ፦ ልጄ፣ አያትሽ ቀለድኩ ብለው ትክክለኛውን ትርጉም ተናግረዋል። የድሬ ሰው እንግዳ ሊቀበል ለገሐር የወረደበት ዘመን አለ፤ እሳቸውም ያዩት ይመስለኛል። ተቀመጥ ብሎ ወንበር መስጠት ሌላ ነው። መቀበል ከቤት መውጣት አለበት።

አንዳንዱ «ተ» ያየበትን ግስ ሁሉ ተገብሮ ነው ይላል። ተሰበረ፣ ተበላ እያለ ይቆጥርልሻል። «ተቀበለ» ግን የ«ተሸከመ» እና የ«ተከተለ» ወገን ነው። «ተ»ዋ ተጣብቃ ቀርታለች፣ ግሱም ተሳቢ ይወስዳል። «ቀበለ» የሚባል አማርኛ የለንም። ያለ «ተ» ያለው «አቀበለ» ነው፦ ውሃ አቀብዪኝ፣ ወሬ አቀባይ። ጠመንጃም ይቀባበላል፣ እሱን እንተወው።

ሥሩ ቀ-በ-ለ ነው፤ ነገሩ ፊት ለፊት መሆን ነው። ሐረር ጀጎል ገብተሽ «ቂብላ የቱ ጋ ነው?» ብትዪ ሕፃኑም በእጁ ያሳይሻል። ያው ሥር ነው፤ ሰጋጁ ፊቱን የሚያዞርበት አቅጣጫ። ዐረቡ እንግዳ መቀበልን «እስቲቅባል»፣ መጪውን ጊዜ «ሙስተቅበል» ይላል፤ ፊት ለፊት የሚመጣብን ማለት ነው። ዕብራይስጡም ከአባቶች የተቀበለውን ትምህርት «ቀባላ» ብሎታል። እዚህ ድረስ መሄድ አያስፈልገኝም ነበር። ግን የመዝገበ ቃላቱ ሊቅ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከደቀ መዝሙራቸው ከደስታ ተክለ ወልድ ጋር ለግስ የደከሙባት ከተማ የአንቺው ድሬዳዋ ናት። ለድሬ ልጅ ሥሩን ሳልነግር ብቀር ነውር ነው።

ወደ መጽሐፍ ቅዱሱ እንሂድ። ግዕዙ ዮሐንስ 1፥11 ላይ «ኢተወክፍዎ» ይላል፤ አልተቀበሉትም ለማለት። «ተወክፈ» የራሱ ግስ ነው፤ በቅዳሴ «ተወከፍ» ሲባል ሰምተሻል። አማርኛ ይህን ግስ ጣለው። ጥሎም ሥራውን ሁሉ በ«ተቀበለ» ትከሻ ላይ ጫነ። የ1954ን ትርጉም ግለጪና እዪ። ስምዖን ሕፃኑን «ተቀብሎ አቀፈው»። የገዛ ወገኖቹ «አልተቀበሉትም»። ሕዝቡ ዘንባባ ይዞ «ሊቀበሉት ወጡ»። አሥሩ ቆነጃጅትም ሙሽራውን ሊቀበሉ ወጡ። ግሪኩ ለማቀፉ፣ ለማስገባቱና ለመውጣቱ ለየብቻ ቃል አለው። እኛ አንድ ቃል ይበቃናል ብለናል። ኦሮምኛ እንኳ እንግዳ ሲቀበል «ሲመቹ»፣ ነገር ሲወስድ «ፉዸቹ» ይላል፤ የድሬ ልጅ ይህን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

እና «ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ ነው» የሚሉትን አልስማማቸውም። በድፍረት ይናገሩታል፣ ግን መጽሐፉን አልገለጡም። አንደኛ ተሰሎንቄ 4፥17 «ጌታን በአየር ለመቀበል» ይላል፤ ጌታን ከነተሳቢ ምልክቱ። እዚያ ላይ ቃሉ የአያትሽ ቃል ነው። የሚመጣ አለ፣ የሚወጣለትም አለ።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ዛሬ መቀበል ቀዝቅዟል። «ሐሳብህን እቀበላለሁ» ማለት ተስማምቻለሁ ነው፤ ተቀምጦ ራስ መነቅነቅ። ድሮ አዝማሪን «ተቀበል!» ስትዪው ዝም ብሎ አይሰማሽም። ግጥምሽን ያነሣና በማሲንቆው ይመልስልሻል። በዜማም ተቀባዩ የሚመልሰው ነው። መቀበል መልስ አለበት። ሄሮድስም እኮ የመሲሑን መወለድ ሰምቷል፣ ደንግጧልም። ሰብአ ሰገል ግን መንገድ ገቡ። የቃሉን ልዩነት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ የለኝም። «ከተቀበልኩ ሁለት ዓመቴ ነው» ሲባል መልሱም መንገዱም ጠፍቶ ቀን ብቻ ይቀራል። ዕቃ ተረክቦ የፈረመ ይመስላል! በበኩሌ «ካመንኩ ሁለት ዓመቴ ነው» ብትል ደስ ይለኝ ነበር።

ግን ራሴን የሚያስረታኝ ጥቅስ አለ፤ ልደብቅሽ አልችልም። ያው ዮሐንስ፣ ቁጥር 12፦ «ለተቀበሉት ሁሉ ግን፥ በስሙ ለሚያምኑት»። መቀበልንና ማመንን ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። ጓደኛሽ ይህን ብታነብብኝ የምመልሰው የለኝም። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አካባቢ አነጋገሩ ተተክሏል። የእህቴ ልጅ እንኳ እንዲሁ ነው የምትለው፤ ሦስት ጊዜ አርሜያት በአራተኛው «አቦ ተወኝ» አለችኝ። ተውኳት። ሰው ሁሉ ከተናገረው አማርኛ ሆኗል፣ ምን ይደረጋል። በጽሑፌ ግን አልጠቀምበትም።

አንድ ነገር ግን አልተውም። «መሲህ» ብለሽ በሃሌታው ሀ ጽፈሻል። «መሲሕ» በሐመሩ ሐ ነው፤ ሥሩ መ-ሰ-ሐ ነው፣ ቀባ ማለት። ድምፁ አንድ ሆኗል ትይኝ ይሆናል፤ ቢሆንም ሐመሩን አልለቅም።

ለአያትሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። በሆሳዕና ዘንባባቸውን በራሳቸው አስረው ሲወጡ «እማማ፣ ማንን ልትቀበዪ ነው?» በያቸው።